ክሬም የበላው ፀጉሬ

ቁረጪው ያላለኝ ሰው አልነበረም። ማለስለሻ ክሬሙን የቀባችኝ ፀጉር ሠሪ ቁረጪው አለችኝ። የምሠራበት የጨርቅ ሱቅ ባለቤት ቁረጪው አሉኝ። ሰቆጣ ገበያ ሽንኩርት የምገዛት ሴት እንኳ ከሻሼ ሥር ሾልኮ የወጣውን ጭራሮ አይታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ምን ያለፋሻል፣ ቁረጪውና ተገላገይ» ብላ ሚዛኗን አነሳች። የሚያበሽቀኝ ሁሉም ትክክል መሆናቸው ነበር። በክሬም የተጎዳ ፀጉር ካልተቆረጠ እየተሰበረ ወደ ሥሩ እንደሚመጣ፣ አዲስ የሚበቅለውን ጤነኛውንም ይዞት እንደሚሄድ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ግን መቁረጥ አልችልም ነበር።

እኔ የተወለድኩት ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ በሚወረደው ቆላ ነው። እዚያ ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው፤ ያውም አባት፣ ወንድም፣ ባል ወይም ልጅ። ተላጭታ መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ምን ሆነሽ ብሎ አይጠይቃትም፤ ቆም ይልና «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ያልፋል። እኔ ደግሞ ያለኝ ወንድም አንድ ነው። እሱም እንደ አካባቢው ልጆች በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ገባ። መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲጋመስም እንደተዘጋ ነበር።

እናታችን መንደር ብቻዋን ናት። ስደውልላት ስለ እሱ አትጠይቀኝም። ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ጎረቤት ታወራኛለች፤ በመሀሉ ግን ድምፄን ታዳምጠዋለች። ትንሽ ጉንፋን ቢይዘኝ እንኳ «ምነው ድምፅሽ» ትልና ዝም ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት ፊት ተላጭቼ ብቆም ሌላ ቃል አያስፈልግም። ስለዚህ ያ እንደ ገለባ የሚረግፍ ፀጉር ራሴ ላይ መቆየት ነበረበት፤ ወንድሜ እስኪደውል።

ክሬም መቀባት ምን አመጣው ለሚለኝ፣ ያመጣው የውሃ ችግር ነው። የተፈጥሮ ፀጉሬ ደረቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሚዶ ይሰብራል። ሳይርስ አይበጠርም። ለማርጠብ ውሃ ያስፈልጋል፣ ለውሃ ደግሞ ቦኖ ላይ ጀሪካን አሰልፎ መዋል ነው። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስነግራት ሳቀችና «አንዴ ሪላክሰር ብትቀቢ እኮ በእጅሽ ዳበስ አድርገሽው ትወጫለሽ» አለችኝ። አመንኳት። እጇ ጥሩ ነው፤ የሰፈሩ ሙሽሮች ሹሩባ ሁሉ የሷ ሥራ ነው።

ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ትንሽ ቆይቶ የራስ ቆዳዬ መሞቅ፣ ከዚያም መለብለብ ጀመረ። «አሁን ይታጠባል» ብላ ቧንቧውን ብትከፍተው ጭል አላለም። ሮቶው ባዶ ነበር። ከመቀባቷ በፊት ሮቶውን አንኳኩቶ ማየት ምን ይከብዳል? ጀሪካን አንጠልጥላ ጎረቤት ሮጠች፤ ጎረቤት የለም። ወደሚቀጥለው ሮጠች። እኔ አንገቴ ላይ ፎጣ እንደታሰረልኝ፣ ራሴ በርበሬ እንደተደፋበት እየነደደ፣ መስታወቱ ውስጥ ከራሴ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። ስትመለስ የያዘችው ውሃ ግማሽ ጀሪካን ቢሆን ነው። ክሬም ሲለቀቅ ብዙ ውሃ እየፈሰሰበት፣ በማርከሻው ሻምፖ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። የኔ በቁጠባ ታጠበ።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ወርዶ ሲወዛወዝ አይቼ አላውቅም። ወደ ሱቅ ስመለስ ሆን ብዬ ዙሪያውን ሄድኩ፣ ሰው ይየኝ ብዬ። መሳቀቁ የመጣው ከሳምንታት በኋላ፣ ሳበጥር ማበጠሪያው ላይ አጫጭር ቁርጥራጮች መቅረት ሲጀምሩ ነው። ከሥሩ የተነቀለ ፀጉር ረጅም ነው፤ ጫፉም ላይ ነጭ ነጥብ አለው። የኔ ግን መሀል ለመሀል እየተሰበረ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ፀጉር ብቻ ሆነ። ማበጠር ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ያውም በቅባት አርሶ። እርጥቡን መንካት ክልክል ነው፤ ሲርስ እንደ ማስቲካ ይለጠጥና ይበጠሳል። ካውያ የለም፣ ፔስትራ የለም፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰር የለም። ለመኝታ ልስልስ ሻሽ፤ የጥጡ ቅባቱን ይመጠዋልና። ተልባ ቀቅዬ ዝልግልጉን አጥልዬ ቀባሁ። እሬት ከገደል ሥር አስመጥቼ፣ ልጬ ቀባሁ። እንቁላል መትቼ ቀባሁና በሞቀ ውሃ ታጠብኩት፤ ራሴ ላይ በሰለ። ያን ቀን ከፀጉሬ ውስጥ የእንቁላል ፍርፋሪ ስለቅም ዋልኩ፣ ከንዴቴ ብዛት ምሳም አልበላሁ።

ስልኬ ላይ የማያት አንዲት ልጅ አለች፤ የተጎዳ ፀጉር አያያዝ ታስተምራለች። «መጀመሪያ በደንብ እናጥበዋለን፣ ኮንዲሽነሩን እንቀባለን፣ ከዚያ እንደገና ብዙ ውሃ እናፈስበታለን» ትላለች፤ ይህን ስትል ከኋላዋ ሻወሩ ክፍት ሆኖ ዝም ብሎ ይፈሳል። ኧረ ዝጊው እያልኩ ከስልክ ጋር ተጣልቻለሁ። ምክሯ ልክ ነው። ግን እሷ ፀጉሯን አንዴ የምታጥብበት ውሃ ለኔ የሳምንት ውሃ ነው።

እናቴ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ለጋ ቅቤ ትልክልኛለች፤ ራሴን እንድቀባው። የምታመጣልኝ የቅርብ ጎረቤቷ ናት፤ ሰቆጣ ገበያ በወጣች ቁጥር ሱቁ ድረስ መጥታ የቅቤውን ቅል ታቀብለኛለች። ለጋ ቅቤ ለሹሩባ እንጂ በክሬም ለሳሳ ፀጉር አይሆንም። ፀሐይ ሲያገኘው በግንባሬ ይወርዳል፣ የከተማውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል፣ አቧራውን ለማስለቀቅ ሌላ ጀሪካን ይጠይቃል። ሻሼን ጠበቅ አድርጌ፣ እያመሰገንኩ እቀበላታለሁ። «ፀጉርሽ አደገልሽ ወይ ትላለች እናትሽ» ትለኛለች ሴትዮዋ። «አድጓል በይልኝ» እላለሁ።

እያደገም ነበር፤ አንጀቴን የሚያሳርረው ይኼ ነው። ከሥሩ የድሮው ፀጉሬ፣ ያ የሸሸሁት ጥቅጥቅ ያለው፣ ጤነኛ ሆኖ ብቅ እያለ ነበር። ከላዩ ደግሞ የክሬሙ ፀጉር እንደ ክር ተልፈስፍሶ ተንጠልጥሏል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ፀጉር ሠሪዋ ጋ ብሄድ «አዲሱንም ክሬም እናስነካው፣ እኩል ይሆናል» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ሮቶውን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። እምቢ አልኳት። «እንግዲያው ቁረጪው» አለች። ሮቶው ባዶ ስለነበረበት ቀን አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

ባለሱቋ ሙስሊም ናቸው፤ ከአያት ጀምሮ የሚነግዱ፣ ያሰቡትን ፊት ለፊት የሚናገሩ ሴት። ሥራ ስንፈታ ያሾፉብኛል። «እኔ አንቺን ብሆን ድምጥማጡን አጥፍቼ፣ ሂጃቤን ጣል አድርጌ እቀመጥ ነበር። ማን ያየኛል?»

«ለእርስዎ ቀላል ነው እትዬ» አልኳቸው። «የኔን ራስ እናቴ ታየዋለች።»

ይሄኔ ቀልዱን ተዉት። የወንድሜን ነገር ያውቃሉ፤ የሳቸውም የእህት ልጅ እዚያው ነው። ጨርቁን እያጠፉ ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ ቆርጠሽ ሻሽሽን አታውልቂ። እስኪያድግ እሷ ጋ አትሂጂ። አለቀ» አሉኝ።

ያለቀው ግን ፀጉሬ ነበር። አንድ ጠዋት ሻሼን ስፈታ ከአናቴ ላይ አንድ ጭብጥ ሙሉ ፀጉር አብሮ ወረደ፤ ሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ለካ የክሬሙ ቁስል በየቀባሁት ነገር እየታፈነ ቆይቷል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ፀጉር ሠሪዋ ጋ ሄድኩና «ቁረጪው» አልኳት። በመቀስ ጀምራ በማሽን ጨረሰችው። መሬት ላይ ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። «ቁስሉን አየር ያግኘው፣ ዘወትር አትሸፍኚው» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ከነገረችኝ ነገር ሁሉ ትክክለኛው ምክር ይኼ ነበር፤ ጉድ ያደረገኝም እሱ ነው።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ባለሱቋ ለሰላት ገብተዋል፤ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ቁስሉ ሻሹ ሥር በላብ አሳከከኝና፣ ለአንድ አፍታ ብዬ ፈታሁት። ንፋሱ አናቴን ሲነካው ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ የእናቴን ቅል ይዛ።

አልጮኸችም። ቅሏን ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አውርዳ አዘቀዘቀችው፤ ጥለቱ ወደ ላይ መጣ፣ ልቅሶ ቤት እንደሚደረገው። ከዚያ ትከሻዬን ይዛ ሳመችኝ።

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ።»

«የለም፣ የለም» አልኳት። «ማንም አልሞተም። ክሬም ነው። የፀጉር ክሬም አቃጥሎኝ ነው የተቆረጥኩት።»

«እሺ ልጄ» አለችኝ፣ እንባዋን እየጠረገች። «እሺ። ደግ አድርገሻል። በወጉ ይነገራት።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በእኛ አገር መርዶ የሰማ ሰው ይደብቃል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ማለዳ ሄደው፣ በወጉ እስኪነግሩ ድረስ የሟች ዘመድ ቢጠየቅም ይክዳል። እኔ በካድኩ ቁጥር ለሷ ሞቱን እያረጋገጥኩላት ነበር። «እውነቴን ነው፣ ስሚኝ፣ ቁስሉን እዪው» ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግሁላት። አየችው፤ በሐዘን ራሴን ነጭቼ ያቆሰልኩት አድርጋ ነው ያየችው። «ከኔ አፍ አይወጣም» ብላ ምላ ሄደች። ሻሼን አስሬ ገበያው ውስጥ ብፈልጋት አጣኋት።

አፏን መያዟን አልጠራጠርም፤ እንደማለችው ለእናቴ ምንም አልነገረቻትም። ግን ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መንደር ገባች።

እናቴ ጋ መደወል ጀመርኩ። ስልኳ የሚሠራው ባትሪ ኖሮት ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ስትወጣ ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ የሚገጥሙት ስንት ቀን አንዴ ነው። በማግስቱ ወደዚያ የሚወርድ መኪና አልነበረም። ነጠላዋን አይተው ነው መሰል፣ ከተማ ያሉ የአገሬ ልጆች እየመጡ፣ ምንም ሳይጠይቁኝ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመው ተከዝ ብለው ይሄዱ ጀመር። ለአንዱ ስለ ሪላክሰር አስረዳሁት፤ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና «አይዞሽ» አለኝ። ጠረጴዛውን በጡጫ መትቼ አስደነገጥኩት። የጨነቀኝ ሰው ሁሉ ጨዋ መሆኑ ነበር። አንድ ባለጌ ተነስቶ «ወንድምሽ ሞቷል እንዴ?» ቢለኝ፣ አላውቅም ብዬ በመለስኩለት ነበር።

በሦስተኛው ቀን የጭነት መኪና ላይ ወጥቼ፣ መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄድኩ፤ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። ያገኘኝ ሁሉ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ያሳልፈኛል። ቤታችን ከሩቅ ሲታየኝ ግቢው በሰው ተሞልቷል። እኔ ያን ጊዜም ተናድጄ ነበር፤ የምናገረውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቻለሁ፤ ስለ ሮቶው፣ ስለ ክሬሙ፣ ስለ ሴትዮዋ።

ከዚያ እናቴን አየኋት። መሬት ላይ ተቀምጣለች። ራሷ ተላጭቷል።

እናቴን ያለ ፀጉር አይቻት አላውቅም። ያን ስመለከት ክሬሙም፣ ሴትዮዋም፣ መኪና ላይ ሳሰላስለው የመጣሁት ንግግርም ከጭንቅላቴ ጠፋ። እነሱ ሰምተዋል አልኩ። ከሳውዲ የተመለሰ ልጅ ይኖራል፣ ነግሯቸዋል፣ እኔ በፀጉር ስጨቃጨቅ ወንድሜ ሞቷል። ጮኼ፣ ስሙን እየጠራሁ፣ እናቴ ላይ ወደቅሁ። ግቢው ሁሉ ተከትሎኝ ጮኸ። ተቃቅፈን ምን ያህል እንዳለቀስን አላውቅም።

ትንሽ ሲበርድልኝ በቋንቋችን፣ በኽምጣና፣ ጆሮዋ ሥር ጠየቅኋት።

«እማ፣ ማን ነገረሽ?»

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አራቀችኝ። «እንዴት ማን ነገረሽ ትያለሽ? አንቺ ነሻ።»

«እኔ ምን ብዬ?»

«ቅቤውን ያደረሰችልሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች» አለችኝ። ሻሼን ገፍታ አወለቀችውና እጇን አናቴ ላይ አሳረፈች።

ልቅሶ ላይ ተቀምጦ ስለ ፀጉር ክሬም ማስረዳት ምን እንደሚመስል ለማንም መግለጽ አልችልም። አስረዳሁ። ማለስለሻ ነው፣ ውሃ ጠፋ፣ አቃጠለኝ፣ ረገፈ፣ ተቆረጥኩ። ቅቤዋን ያመጣችልኝ ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እናቴ ግን ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም።

«ስለዚህ ልጄ አልሞተም» አለች።

«አላውቅም እማ።»

«ደወለልሽ?»

«አልደወለም።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ቢያንስ ትስቃለች፣ ወይም በደንብ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የተላጨ ራሷን በእጇ ዳበሰች።

«ትናንት ተኛሁ» አለችኝ። «እሱ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ ትናንት ነው። አልቅሼ ወጣልኝ፣ ልጄ አረፈ አልኩ፣ ተኛሁ። አሁን ደግሞ ወዴት መለስሽኝ?»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ያጥናሽ ብለው እንዳይሄዱ ማን ሞቶ፣ እንኳን ደስ ያለሽ እንዳይሉ ምን ተገኝቶ። ነጠላቸውን የሚመልሱበት ጠፍቷቸው፣ አንዳንዱ እንዳዘቀዘቀ አንዳንዱ አስተካክሎ ወጡ። ያን ቀን እናቴ ቁስሌን በለጋ ቅቤ እየቀባች ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዋን አሰማችኝ። «ዳግመኛ ይህን ራስ መቀስ አያየውም» አለችኝ። ቅቤው ለቁስሉ እንደማይሆን ልነግራት አልኩና ተውኩት።

ይኸው የኔ ፀጉር እያደገ ነው፤ ደረቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሚዶ የሚሰብር። ጫፉ ሲሰነጠቅ እንኳ ማስተካከል አልችልም፤ ያው እንደ ድሮው በተልባና በቅባት አባብለዋለሁ። የሷም አድጓል፣ ሽበቱ ብሶበት። የወንድሜ ስልክ አሁንም ዝግ ነው። መንደር ስወርድ እናቴ እንደ ሌላ እናት ሮጣ አትስመኝም። መጀመሪያ ሻሼን ትፈታለች፣ ጣቶቿን ፀጉሬ ውስጥ ከታ እስከ ሥሩ ትለካዋለች። ከዚያ በኋላ ነው እንኳን ደህና መጣሽ የምትለኝ።